ለአፈር መሸርሸር ግምት የመሬት ሽፋንን መመደብ፦ የበጋ ምስልና የክረምት ማሳ

በትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚመረጡት ርዕሶች መካከል በሳተላይት ምስልና በጂአይኤስ የአፈር መሸርሸርን መጠን መገመት የሚለው ደጋግሞ ይታያል። እኔም ይህን ርዕስ ከመረጡት አንዱ ነኝ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ችግሩ የሀገራችን ነው፣ ምስሉ በነፃ ይገኛል፣ ቀመሩም አጭር ነው። ሆኖም እርስ በርስ ስንወያይ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ቀመሩና ስለ ሶፍትዌሩ ነው። የመሬት ሽፋን ካርታው ግን «ምስሉ በስድስት ምድብ ተመደበ» በምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የግምቱ ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መሆኑን ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት ዩኤስኤልኢ የተባለው ቀመር ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመውት በ1978 ያሻሻሉት ነው። አምስት ነገሮችን ያባዛል፤ እነሱም የዝናቡ የመሸርሸር ኃይል (አር)፣ የአፈሩ በቀላሉ መሸርሸር (ኬ)፣ የተዳፋቱ ርዝመትና ቁልቁለት (ኤልኤስ)፣ የመሬቱ ሽፋን (ሲ) እና የጥበቃ ሥራው (ፒ) ናቸው። ውጤቱ ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚታጠበው አፈር በቶን ነው። ቀመሩን ለኢትዮጵያ ያስማማው ሃንስ ሁርኒ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1985 ነው። ከጀርባው ያለው በበርን ዩኒቨርሲቲና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ማይባር፣ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒ፣ ጉኑኖ፣ ሁንዴ ላፍቶና ዲዚ ላይ የመለኪያ ጣቢያዎች ነበሩት። ከደጋው የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይታጠባል የሚለው፣ በየመጽሐፉና በየስብሰባው የምንሰማው ቁጥርም የሁርኒ ግምት ነው።

ከአምስቱ ነገሮች አራቱን ተማሪ ብዙ ሊያዛባቸው አይችልም። ዝናቡ ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ይመጣል፣ ቁልቁለቱ ከከፍታ መረጃው ይሰላል፣ አፈሩ ከአፈር ካርታ ይነበባል (በሁርኒ ሠንጠረዥ ከቀለሙ እንኳ ይገመታል፦ ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30)። ልብ በሉ፣ ከጥቁር እስከ ቢጫ አፈር ያለው ልዩነት እጥፍ ብቻ ነው። ሲ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቅጥቅ ላለ ደን 0.001፣ ጥቅጥቅ ላለ ሣር 0.01፣ ለተጎዳ ሣር 0.05፣ ለበቆሎና ለማሽላ 0.10፣ ለሌሎች እህሎችና ለጥራጥሬ 0.15፣ ለጤፍ 0.25፣ ታርሶ ባዶውን ለቆየ መሬት ደግሞ 0.60 ነው። ከታች እስከ ላይ ያለው ርቀት ስድስት መቶ እጥፍ ነው! ታዲያ ይህን ቁጥር ለእያንዳንዷ የመሬት ቁራጭ የሚሰጣት የመሬት ሽፋን ካርታው እንጂ ሌላ ማንም አይደለም።

በቁጥር እናስቀምጠው። ዓመታዊ ዝናቡ 1400 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። በሁርኒ ቀመር አር ማለት 0.562 በዝናቡ ተባዝቶ 8.12 ሲቀነስለት ነው፤ ስለዚህ 779 ገደማ ይሆናል። አፈሩ ቀይ ይሁን፣ 0.25። ኤልኤስን 2 እንበል፣ የጥበቃ ሥራ የለም እንበልና ፒ 1 ይሁን። የአራቱ ብዜት 389 ነው። ከዚህ በኋላ የቀረው ሲ ብቻ ነው። ያንኑ ተዳፋት ካርታው ጤፍ ካለው 97 ቶን፣ ስንዴ ወይም ገብስ ካለው 58፣ በቆሎ ካለው 39፣ የተጎዳ ሣር ካለው 19.5፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ካለው 3.9፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካለው ደግሞ ግማሽ ቶን እንኳ የማይሞላ አፈር ታጠበ ይለናል። መሬቱ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ የተለወጠው ኮምፒውተሩ ላይ የቀባነው ቀለም ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቀለሙን የምንቀባው በምን ላይ ተመሥርተን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሀገራችን ሁኔታ ከመማሪያ መጽሐፎቻችን ምሳሌ በጣም የሚለየው በዚህ ነው።

አፈር የሚታጠበው ክረምት ላይ ነው። ከደመና የጠራ ምስል የሚገኘው ደግሞ በጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንሠራው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በተነሣ ምስል ነው። የታኅሣሥና የጥር ምስል የሚነግረን ግን መሬቱ ከዝናቡ በኋላ፣ እህሉ ታጭዶ፣ ከብቱ ቃርሚያውን ሲበላ ምን እንደሚመስል ነው። ጎርፉ አፈሩን በወሰደበት ሳምንት ምን እንደሚመስል አይነግረንም። የጤፍ ማሳን ተመልከቱ። ጤፍ ደቃቅ ዘር ስለሆነ መሬቱ አራትም አምስትም ጊዜ ታርሶ መላም አለበት፤ በብዙ ቦታም ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል። ዘሩ የሚገባው በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ሰኔና ሐምሌ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ማሳው የላመ ባዶ አፈር ነው። ለጤፍ 0.25 የተሰጠውም ለዚህ ነው፤ ከሌሎቹ ሰብሎች ሁሉ ይበልጣል። በቆሎ ግን ቀደም ብሎ ስለሚዘራ ሐምሌ ላይ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ጥር ላይ ሁለቱም ገለባና አገዳ የቀረባቸው ቢጫ ማሳዎች ናቸው፤ ሳተላይቱ አንድ ዓይነት አድርጎ ያያቸዋል። አብዛኞቻችን «የእርሻ መሬት» ብለን በአንድ ምድብ እንጠቀልላቸውና አንድ ሲ እንሰጣቸዋለን። የትኛውን? አንዱ 0.15 ይሰጣል፣ ሌላው አማካይ ያወጣል። ከላይ እንዳየነው በ39 እና በ97 ቶን መካከል ያለውን ልዩነት በዚህች ውሳኔ ውጠናት አለፍን ማለት ነው።

በተቃራኒው የሚያሳስትም አለ። ሽምብራና ጓያ በዋልካ አፈር ላይ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ኅዳር ላይ ምስሉን ስናይ ማሳው ለምለም ነው፤ ዓይን ይስባል። ክረምቱን ያሳለፈው ግን ታርሶ ባዶውን ነው። ደግነቱ ዋልካ አፈር በብዛት የሚገኘው ሜዳ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ እንደ ተዳፋቱ አይከፋም።

ሁለተኛው ጉዳይ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ ያልደረሰበት ደጋ የለም ማለት ይቻላል። በምስል ላይ አረንጓዴ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አይለቅም፣ ኮምፒውተሩም «ደን» ብሎ ይመድበዋል። ታዲያ 0.001 ይገባዋል? ወደ ባሕር ዛፍ ሥር ገብቶ መሬቱን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከሥሩ ሣር ብዙ አይበቅልም፣ የወደቀው ቅጠል እንጀራ መጋገሪያ ይሆናልና ተጠርጎ ይወሰዳል፣ የቀረው ባዶ አፈር ነው። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ደግሞ ትልቅ ነው፤ መሬት እስኪደርስ ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። አፈርን ከጠብታ የሚያድነው በዋናነት ከመሬት ጋር የተያያዘው ሽፋን፣ ማለትም ሣር፣ ቁጥቋጦና የረገፈ ቅጠል ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ደንና የባሕር ዛፍ ተክል ለደን ጥናት ምናልባት በአንድ ስም ሊጠሩ ይችሉ ይሆናል፤ ለአፈር መሸርሸር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ በሥራዬ ለየብቻ ነው የያዝኳቸው። አዊ አካባቢ የተስፋፋው ዲከረንስም የራሱ ጠባይ አለው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ስለሚተከል ማሳው ያንን ዓመት የጤፍ ማሳ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዓመት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ለከሰል ተቆርጦ እንደገና ይታረሳል። የአንድ ዓመት ምስል ይህን ዑደት አያሳይም።

የመስክ ሥራዬን ያከናወንኩት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ተፋሰስ ነው። እዚያ አንድ አዛውንት ገበሬ ከኮምፒውተሩ የወጣውን ካርታ አብረን ስናይ የወል ግጦሹ «የተራቆተ መሬት» የሚል ቀለም መያዙን አስረዳኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰኔ ላይ ሣር ነው፤ አሁን ከብቱ ልጦት ነው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ሥሩ አለ፣ ዝናቡ ሲጀምር ቶሎ ያቆጠቁጣል። ሁርኒም የተጎዳ ሣርን 0.05 ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለዓይን የሚያሳዝን ቢሆንም ሥሩ አፈሩን ይዞታል። ከጎኑ ያለው የጤፍ ማሳ ግን ለዓይን ያማረ፣ እንደ ዱቄት የላመ ሲሆን አምስት እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ስለ ስያሜ የሚደረግ ክርክር ብቻ አይደለም። እንደምታውቁት በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ አንዳንዱ ቦታም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ይከለላል። ጉልበቱ የት ይዋል፣ የትኛው ቦታ ይከለል የሚለውን ለመወሰን «ቅድሚያ የሚሰጣቸው ቦታዎች» የሚል ካርታ ይዘጋጃል፤ ካርታው የሚዘጋጀው ደግሞ እኛ በምንማረው ዘዴ ነው። የወል ግጦሹ በስሕተት «የተራቆተ» ተብሎ ከፍተኛ ቁጥር ቢሰጠው የሚከለለው እሱ ነው፤ መሬት የሌለውና ሁለት ላም ያለው ሰው ከብቱን የሚያሰማራበት ያጣል። አፈሩ በእርግጥ የሚታጠብበት ተዳፋት የጤፍ ማሳ ደግሞ «የእርሻ መሬት፣ መካከለኛ» ተብሎ ይታለፋል። ካርታ ሲታተም የማያጠራጥር ይመስላል፤ ስብሰባ ላይ ማን ተነሥቶ ቀዩ ቀለም ልክ አይደለም ይላል?

ስለዚህ የምድቦቹ ዝርዝር ከየት ይጀምር? ብዙዎቻችን የምንጀምረው ሳተላይቱ በቀላሉ ከሚለየው ነው፤ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር፣ እርሻ፣ ባዶ፣ ውኃ። እኔ የምለው ከሲ ሠንጠረዡ እንጀምር ነው። በሲ ዋጋቸው የሚራራቁ ሁለት ነገሮች፣ ምስሉ ላይ ለመለየት አስቸጋሪ ቢሆኑም፣ መለየት አለባቸው። በሲ ዋጋቸው የሚቀራረቡ ከሆነ ግን ምስሉ ላይ በደንብ ቢለዩም ለዚህ ሥራ ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም። ለምሳሌ ስንዴና ገብስን ለመለየት ሳምንት ሙሉ መድከም ትርፍ የለውም፤ ሁለቱም 0.15 ናቸው። ጤፍን ከበቆሎ ለመለየት ግን ወር ቢፈጅም ያዋጣል።

እንዴት ይለያሉ ለሚለው ዛሬ ያለን አማራጭ ከእኛ በፊት የነበሩት ካላቸው ይሻላል። የላንድሳት ምስሎች በነፃ መሰጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት ተማሪ አንድ ምስል ካገኘ እሱኑ አጥብቆ ይዞ ነበር የሚሠራው። የላንድሳት አንድ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ነው። በእኛ አካባቢ ቃዳ የሚባለው ሩብ ሄክታር ማሳ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ያውም ግማሹ ነጥብ የጎረቤት ማሳና የድንበር ሣር የተቀላቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጣው ሴንቲኔል 2 አሥር ሜትር ስለሆነ ያው ማሳ 25 ነጥብ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን በየጥቂት ቀኑ መመላለሱ ነው። ከአንድ የጥር ምስል ይልቅ የሰኔን መጀመሪያ፣ የመስከረምን መጨረሻና የኅዳርን ምስል ደርቦ ማየት ማሳው መቼ ባዶ እንደነበረና መቼ እንደለመለመ ይናገራል። መስከረም መጨረሻ ላይ በቆሎው ሲያረጅ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል። በክረምቱ መካከል ደመናው አልከፈት ካለ ደግሞ ሴንቲኔል 1 የሚባለው ራዳር አለ፤ ደመናን አሳልፎ ያያል። ገደላማ ቦታ ላይ ምስሉ ይጣመማልና በጥንቃቄ መጠቀም ነው።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። ምድብ የሚባለውን ጣጣ ትቶ ሲን በቀጥታ ከኤንዲቪአይ፣ ማለትም ከአረንጓዴነት መለኪያው፣ በቀመር ማውጣት ነው። ንጹሕና ፈጣን ነው። ግን ኤንዲቪአይ የሚያየው አረንጓዴን ብቻ ነው። የደረቀ ሣርና ማሳ ላይ የቀረ ገለባ አፈርን ከጠብታ በደንብ ይከላከላሉ፤ አረንጓዴ ስላልሆኑ ግን እንደ ባዶ መሬት ይቆጠራሉ። ሥሩ የተጠረገው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከፍተኛ ምስጋና ያገኛል። በሰፊው የምንጠቀምበት ቀመር ለአውሮፓ የተሠራ ነው። ለእኛ ደጋ፣ ያውም በጥር ምስል ላይ፣ አልመክረውም።

የመስክ ማረጋገጫን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ጂፒኤስ ይዞ መንገድ ዳር ነጥብ መሰብሰብ ይቀናል፤ መንገድ ዳር ያለው ግን ሜዳው ነው፣ ባሕር ዛፉም የሚበዛው እዚያው ነው። አፈሩ የሚታጠበው ወደ ላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነውና እግር ሳይቆጥቡ መውጣት ያስፈልጋል። ማሳው ላይ ስንደርስም አሁን ያለውን ብቻ ሳይሆን ገበሬውን «ሰኔ ላይ ምን ነበር? መቼ ዘራችሁ? አምናስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔ በቅጼ ላይ ስለ ፈሰስም አንድ ረድፍ ጨምሬያለሁ። ፈሰስ ገበሬው ውኃው ዘሩን እንዳያጥብበት በማሳው ላይ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ ነው። በጣም ቁልቁል ከወጣ ራሱ ቦረቦር ይጀምራል፤ ሳተላይት ግን አያየውም።

ከዚያ ትክክለኛነትን መለካት ይመጣል። ሁላችንም «85 በመቶ ትክክል» የሚል ውጤት ስናገኝ እፎይ እንላለን። ይህ 85 አንደርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ባወጡት መመሪያ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ለአፈር መሸርሸር ተብሎ የወጣ አይደለም። ሁለት ካርታዎች እንውሰድ፤ ሁለቱም ከመቶ ነጥብ 15 ስተዋል እንበል። የመጀመሪያው 15ቱን ጥቅጥቅ ያለ ደን ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው ብሎ ሳተ፤ ቀደም ሲል በወሰድነው ተዳፋት ላይ በእያንዳንዱ ሄክታር ሦስት ቶን ተኩል ያህል ተሳሳተ ማለት ነው። ሁለተኛው 15ቱን የጤፍ ማሳ የተጎዳ ሣር ነው ብሎ ሳተ፤ ስሕተቱ በሄክታር 78 ቶን ገደማ ነው። ሁለቱም «85 በመቶ» ተብለው ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ፤ ካፓ የሚባለውም መለኪያ ይህን ልዩነት አይነግረንም። ስለዚህ የስሕተት ሠንጠረዡን ሙሉውን ማተም፣ እያንዳንዱን ስሕተትም ወደ ቶን ለውጦ ማሳየት ይሻላል። አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚጨምረው።

የድሮና የአሁን ካርታ የምናወዳድር ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገተ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የደምበጫ አካባቢ ጥናት የተፈጥሮ ደኑ በ1957 ከነበረበት 27 በመቶ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል፤ የእርሻ መሬቱ ከ39 ወደ 77 በመቶ አድጓል። እዚህ ላይ «የተፈጥሮ ደን» የሚለው ቃል ባይለይና ባሕር ዛፉ ሁሉ «ደን» ተብሎ ቢደመር ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የአንድ ምድብ ስም በሁለቱም ዘመን አንድ ነገር ማለቱን ሳናረጋግጥ መቀነስና መደመር ዋጋ የለውም።

መዘንጋት የሌለበት፣ ዩኤስኤልኢ የሚገምተው በገጸ ምድር ተነጥፎ የሚታጠበውንና በትንንሽ ፈለጎች የሚሄደውን አፈር ብቻ ነው። ቦረቦርን አይጨምርም፤ ግርጌ ላይ የሚቀረውን ደለልም አይቀንስም። ምደባችን ምንም ያህል ቢሻሻል የምናገኘው ቶን ወንዙ ውስጥ ከሚለካው ጋር እኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ተፋሰስን ከተፋሰስ፣ ተዳፋትን ከተዳፋት ለማወዳደር ግን ይረዳል።

የመስክ ቅጼንና የጤፍና የበቆሎ ማሳዎችን ነጥቦች በትምህርት ክፍሉ የጂአይኤስ ቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጫለሁ፤ በአቅራቢያው ባለ ተፋሰስ ላይ የምትሠሩ ውሰዱት። ሐምሌ ላይ ሄዶ ያንኑ ነጥብ በጭቃው ውስጥ የሚያይልኝ ሰው ካለ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፤ ጫማ ግን የራሱን ይያዝ።